በአባቴ ስም የሚዞር መኪና

ጋሽ ቮልስ በራችንን ያንኳኩት በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም፤ የላፍቶ ልጆች ያወጡላቸው ነው። ወደ ለቡ በሚወስደው መንገድ ዳር ለብዙ ዘመን ትንሽ ጋራዥ ነበራቸው። ዓይናቸው ሲደክም ጋራዡን ዘግተው ቤት ዋሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠግኗቸው ከኖሩት ቮልስዋገኖች አንዲቱን ብቻ አስቀርተው። ያቺ መኪና ያን ዕለት ከደጃችን ቆማለች። በልጅነቴ ከኋላ ወንበሯ ተቀምጬ ትምህርት ቤት የተመላለስኩባት የአባቴ መኪና ናት።

ቡና ቀረበ። ሽማግሌው ከኮታቸው ውስጥ በፌስታል የተጠቀለሉ ወረቀቶች አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። አንደኛው ሊብሬ ነው፤ የአባቴ ስም ከነአያቱ ተጽፎበታል። ሁለተኛው የውክልና ሥልጣን ማስረጃ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከደብተር በተገነጠለ ባለመስመር ወረቀት ላይ የተጻፈ የሽያጭ ውል ነው። አባቴ አስተማሪ ስለነበር ራፖር ጸሐፊ አላስፈለገውም፤ በዚያ ቀጥ ባለ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈቱ ራሱ ጽፎታል።

«ልጄ» አሉኝ ጋሽ ቮልስ፣ «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺን መኪና የነዳሁት በአባትህ ስም ነው። እሱ በ2009 ዓ.ም. አረፈ። እኔም ተከታይ ነኝ። ሳልሞት ስሙን እናዙረው።»

ነገሩ የአንድ ሳምንት ጉዳይ መስሎኝ «ችግር የለም ጋሼ» ብዬ ሸኘኋቸው። ለካስ እሺታዬ የእኔ ብቻ አልነበረም። እኔን ጨምሮ አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን፤ ከአራታችን በላይ ደግሞ እናታችን አለች። በዚያው እሑድ ተሰብስበን ወሬው ሲነሣ ታናሽ ወንድሜ ሊብሬውን አገላበጠና «በወረቀት ከሆነ እኮ መኪናዋ የእኛ ናት» አለ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

* * *

ወንድሜ ያላትን ነገር ለማመንም ለመካድም ከመቸኮሌ በፊት፣ ይህ «በወረቀት» የሚባል ነገር ወደ አገራችን ገበያ እንዴት እንደገባ ለማወቅ ፈለግሁ። ጋዜጠኝነት ስንማር አስተማሪዎቻችን «ሰነዱን አንብብ» ይሉን ነበር። የእኛው ሰነድ ጠረጴዛው ላይ ነበርና ከእሱ ጀመርኩ።

የአባቴ ውል እንዲህ ይላል ማለት ይቻላል፦ ሻጭ እኔ ነኝ፤ ገዢ እገሌ ናቸው፤ ዋጋው ብር 22,000 ነው፤ ተቀብያለሁ። ከዛሬ ሰኔ 9 ቀን 1994 ዓ.ም. ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ በመኪናዋ ለሚደርስ አደጋና ቅጣት ገዢ ኃላፊ ናቸው። ከታች የሻጭ ፊርማ፣ የገዢ ፊርማ፣ ከዚያም የሁለት እማኞች ስምና ፊርማ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዓይኔን የያዙት እማኞቹ ናቸው። ሁለቱም የላፍቶ ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው በሕይወት የሉም።

እነዚህ እማኞች ከመኪናም ከመኪና ሕግም በዕድሜ ይበልጣሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር ላይ መሬት የገዛ ሰው፣ ግዢው በቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍለት ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ካሠሩት ከደብረ ፀሐይ ቁስቋም በወጡ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያሉ የሽያጭ ጽሑፎች በብዛት ይገኛሉ። ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ዋሱ፣ እማኞቹ በየስማቸው ይዘረዘራሉ። ከሻጮቹና ከገዢዎቹ መካከል ሴቶችም አሉ። መጽሐፉ የተመረጠው የተቀደሰ ስለሆነና ከአንድ ሰው ሣጥን ይልቅ በደብሩ ዕቃ ቤት ስለሚጠበቅ ነው። የዛሬው ሰው «መዝገብ ቤት» የሚለውን ሥራ ያኔ የሠራው ወንጌሉ ነበር ማለት ነው።

የእነዚያ መጻሕፍት ዕጣ ግን ያሳዝናል። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት መጻሕፍትን ሰብስበው ወደ መቅደላ ወሰዱ፤ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ጭኖ ወሰዳቸው። ከቁስቋም የወጡት ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል። መሬቱ ጎንደር ቀረ፤ መዝገቡ ባሕር ተሻገረ። ንብረትና ወረቀቱ ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

ለመሬት መጽሐፍ ሲኖር፣ ለሚንቀሳቀስ ሀብት ግን ዋናው መተማመኛ ሰው ነበር። በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ብልህ ሰው ጥርሷን ከማየቱ በፊት ሻጩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። በቅሎዪቱ የተሰረቀች ብትሆን ነገ ባለቤቷ መጥቶ ልጓሟን ሲይዝ፣ ገዢው «ከእገሌ ገዛሁ፣ ዋሴም እገሌ ነው» ማለት አለበት። ዋስ የሌለው ገዢ ገንዘቡንም በቅሎውንም አጥቶ ሌባ ሊባል ይችላል። እንግዲህ መኪና ወደ አገራችን ሲመጣ የጠበቀው ይህን የመሰለ በሰውና በቃል የቆመ ገበያ ነው።

* * *

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ የታዩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በሲድሊ መኪና፣ አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በናከ መኪና፣ መንገድ በሌለበት አገር እየተጎተቱም እየተገፉም ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲሱን ነገር ወደዱት። በግጥምና በዜማ ችሎታቸው የታወቁት ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ መንዳትና መጠገን እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተላኩ። በዚያው ቆይታቸው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። እነሆ፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሾፌር ተብለው የሚነሡት ሰው በሸክላ ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ድምፃውያን አንዱም ናቸው።

ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉልኝ። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። የጽሕፈት፣ የዳኝነት፣ የገንዘብ ሥራ በየሚኒስቴሩ ተለየ። መኪናና ቢሮ በአንድ ዓመት ወደ አገራችን ገቡ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለቱ ተገናኝተው «የመኪና መዝገብ» የሚባል ነገር እስኪወልዱ ድረስ ግን ጊዜ ወስዷል። መጀመሪያ ላይ መዝገብ ማን ይፈልጋል? መኪና ያለው ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

መኪና ሲበዛ ነገሩ ተለወጠ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ተዘረጋ፣ የጭነት መኪና አገሩን ሞላው፤ ከመኪናው ጋርም ቃሉ ቀረ። «መኪና» ራሱ፣ «ጎማ»፣ «ፍሬን»፣ «ማርሽ» ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ለእኔ የሚገርሙኝ ግን የወረቀቱ ቃላት ናቸው። «ታርጋ» ማለት በጣሊያንኛ ሰሌዳ ነው። «ቦሎ» ማለት ማኅተም፣ ቴምብር ማለት ነው። «ሊብሬ»ም መጽሐፍ ከሚለው የላቲን ቃል ሥር የወጣ ነው። ወራሪው ተባረረ፤ የመዝገቡ ቋንቋ ግን በየጋራዡና በየመንደሩ ቀረ። «እማኝ»ና «ዋስ» ግን የራሳችን ናቸው። የአንድ መኪና ሽያጭ ወረቀት ላይ ጎንደርና ሮማ ጎን ለጎን ተቀምጠው ታገኛላችሁ።

* * *

ቀጥሎ የመጣው ሕጉ ነው። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታወጀ። በዚህ ሕግ ቁጥር 1193 መሠረት ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገርን በእጁ የያዘ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል። ጠረጴዛ፣ ጋቢ፣ ሬዲዮ ከሆነ ማንም «ወረቀትህን አምጣ» አይልህም። መኪና ግን እንደ ጋቢ አይደለም። ሰው ይገድላል፤ በብድር ይያዛል፤ ይሰረቃል፤ ግብር ይጠየቅበታል። ስለዚህ ልዩ ሕግ፣ ልዩ መዝገብ ተበጀለት። አሁን በሥራ ላይ ያለው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የዚህ መሥመር ልጅ ነው። ያልተመዘገበና ታርጋ የሌለው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ አይወጣም፤ ባለቤትነትም የሚታወቀው በመዝገቡና በሊብሬው ነው።

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በወጉ መኪና የሚሸጥ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ሻጭና ገዢ ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» በሚለው መሥሪያ ቤት ቀርበው ይፈራረማሉ። መኪናው በባንክ ወይም በፍርድ ቤት ያልታገደ መሆኑ ይጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትፈርማለች፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት በሁለቱም ፈቃድ እንጂ አይሸጥም ይላልና። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ የሚከፈለው ይከፈላል፤ በመጨረሻ ስሙ ይዞራል። «ስም ይዞራል» የምንለው ነገር ይህ ነው። መኪናው ከደጅ ወደ ደጅ ቢሄድም ስሙ ካልዞረ ገና መንገድ ላይ ነው።

ታዲያ አባቴ ለምን አላዞረውም? ሺህዎች ባላዞሩበት ምክንያት ነው። ወጪ አለው፤ ምልልስ አለው፤ ትምህርት ቤት ሊዘጋ የፈተና እርማት ተቆልሏል። ስለዚህ በማግስቱ ሄዶ «መሸጥ መለወጥ ይችላሉ» የሚል ውክልና ሰጣቸው፤ ስሙን «ከክረምት በኋላ» ሊያዞሩት ተስማሙ። ክረምቱ አለፈ፤ ሃያ አንድ ሌሎች ክረምቶችም አለፉ። ይህ «በውክልና መሸጥ» የሚባለው ልማድ የአባቴ ፈጠራ አይደለም። ነጋዴው መኪናውን ገዝቶ በሳምንቱ ስለሚሸጠው በመካከል ስሙን ማዞር ኪሣራ ይመስለዋል፤ ደላላውም ያግዘዋል። እንዲህ እየሆነ አንድ መኪና ሦስት አራት እጅ ሲያልፍ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ግን የመጀመሪያው ሻጭ ይሆናል።

ጣጣው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወካይ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። አባቴ በ2009 ዓ.ም. ባረፈ ዕለት የጋሽ ቮልስ ወረቀት ዋጋ አጣ፤ እሳቸው ግን ቀብሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ ይህን አላሰቡትም። ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ መኪናው ተሰርቆ ከነበረ በቀር «እኔ አልነዳሁም» ማለት አያድነውም። አባቴ «ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ገዢ ኃላፊ ናቸው» ብሎ የጻፈው ቃል በሁለቱ መካከል ይሠራል። በዚያ ወረቀት ላይ ያልፈረመ ተጎጂ ግን በዚያ ቃል አይታሰርም፤ መጀመሪያ የሚፈልገው ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ያውም በ1994 ዓ.ም. የሦስተኛ ወገን መድን ገና ግዴታ አልነበረም፤ አዋጁ የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። አባቴ ለስድስት ዓመታት ያህል፣ ሳያውቀው፣ በጋሽ ቮልስ እጅና እግር ላይ ተማምኖ አደረ ማለት ነው።

ይህን ለጋሽ ቮልስ ስነግራቸው አልደነቃቸውም።

«አውቃለሁ» አሉ። «ለዚህ ነው ቀስ ብዬ የነዳሁት። በሰው ስም ሰው አይገጭም።»

* * *

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ ይከፍላል፤ የድሮ ቮልስ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ ያውቃል። አባቴ የተቀበለው 22,000 ብር ዛሬ ብዙ ነገር አይገዛም። ወንድሜ አንድ ሕግ አዋቂ ጓደኛውን ጠይቆ መጣ። «ይርጋ አልፎበታል» አለን። እውነቱን ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 በመደበኛው ውል ላይ የተመሠረተ ክስ በ10 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል ይላል። አባቴ ከፈረመ ደግሞ 22 ዓመት ሆኖታል። በዚያ ላይ እናታችን ውሉ ላይ አልፈረመችም። ሽማግሌው ቢከሱን በሁለት በኩል መከላከያ አለን ማለት ነው።

ሕጉን እኔም ገልጬ አነበብኩት። ከዚያው ምዕራፍ ውስጥ ቁጥር 1856 ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። ዳኛ ይርጋን በራሱ አያነሣም። ተከሳሹ ራሱ አፉን ከፍቶ «ጊዜው አልፏል» ካላለ በቀር ክሱ ይሰማል። ሕግ አውጪው ይህችን ነገር ለባለዕዳው ኅሊና የተዋት መሰለኝ። አንድ ሰው ዕዳው እውነት መሆኑን እያወቀ በጊዜ ማለፍ ሊያመልጥ ይችላል፤ ግን ራሱ ማለት አለበት። ከሁሉ ዓይነት ወረቀት በኋላ ነገሩ ተመልሶ ወደ አፍ መጣ፤ ያውም ወደ እኛ አፍ።

በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። ወንድሜ ይርጋውን ደገመው። ታላቅ እህቴ ዝም አለች። እኔ ቁጥር 1856ን ላስረዳ ስጀምር እናቴ ከጓዳ መጣችና ስኒዎቹን እየሰበሰበች «የምን ይርጋ ነው?» አለች። ወንድሜ አስረዳት፤ እሷ እንዳልፈረመችም ጨመረ።

«አልፈረምኩም» አለች እናቴ። «ብሩን ቆጥሬ የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ። አባትህ ቁጥር ላይ ይሳሳት ነበር።»

ከዚያ ቀና ብላ ወደ ጣራው አየች።

«ይህ ቆርቆሮ በምን የተገዛ ይመስልሃል? ከሥሩ ተቀምጠህ ነው ዓመት የምትቆጥረው?»

በ1994 ዓ.ም. ላፍቶ ዛሬ እንደምናየው አልነበረም። ነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባለው ክፍለ ከተማ እንኳ የተቋቋመው በዓመቱ፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። በኦሮምኛ ላፍቶ የግራር ዓይነት ስም ነው፤ ያኔ ስሙን የሚመስል ዛፍ በየሜዳው ነበረ። የእኛ ቤት በጭቃ ቆሞ፣ ግማሽ ጣራው በላስቲክ ተሸፍኖ ክረምቱን ሊቀበል ነበር። አባቴ ሰኔ 9 ቀን መኪናውን የሸጠው ለዚህ እንደሆነ አላውቅም ነበር። እኔ የማስታውሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤት በእግሬ መሄዴን ብቻ ነው።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስለ ይርጋ አላነሣም። ለመፈረምም የመጀመሪያው እሱ ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማውጣት፣ ከአራታችን አንዷ ውጭ አገር ስላለች ከዚያ ውክልና ማስላክ፣ ሻንሲ ማስመርመር፣ የቀረ ክፍያ ካለ ማጣራት … ወራት ወሰደ። በሕይወት ያሉት እማኝ ማንም ሕጋዊ ግዴታ ሳይጥልባቸው በከዘራ እየተደገፉ መጡና ከጎናችን ተቀመጡ። «ያኔ ነበርኩ፤ አሁንም ልኑር» አሉ። በ2017 ዓ.ም. ጥር ወር ላይ ስሙ ዞረ፤ ጋሽ ቮልስም አዲሱን ሊብሬ ዓይናቸው አጠገብ አድርገው የራሳቸውን ስም አነበቡ።

የአባቴን የእጅ ጽሑፍ ግን አልመለሱልኝም። ልለምናቸው ስል ቀድመውኝ አጣጠፉና ከሊብሬው ጋር አብረው በፌስታሉ ጠቀለሉት።

«ይህኛው ለመንግሥት ነው» አሉኝ ሊብሬውን እያሳዩ፤ «ያኛው የእኔ ነው።»

አልተከራከርኳቸውም። ግልባጩን ግን አንሥቼ በአባቴ መጻሕፍት መካከል አኑሬዋለሁ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ግን ስለ አንዲት ቮልስ ብቻ አይደለም። አባቴ ሐቀኛ ሰው ነበር፤ ጋሽ ቮልስም ሐቀኛ ናቸው። ሁለት ሐቀኞች የተስማሙበት ነገር እንኳ ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ቤተሰብ ሊያቃቅር ትንሽ ቀረው። እናቴ ባትኖር፣ ወይም ያን ቆርቆሮ ብትረሳው፣ ምን እንደምንሆን አላውቅም። የጎንደር ሰዎች ዋስና እማኝ እያላቸው ለምን በወንጌል ላይ እንዳጻፉ አሁን ገባኝ። እማኝ ይሞታል፤ ልጅም ይረሳል።

አንባቢ ሆይ፣ መሳቢያዎን ከፍተው ይመልከቱ። ሸጠው የረሱት፣ ገዝተውም ያላዞሩት መኪና የለዎትም? ካለ፣ ይህን መጽሔት አጥፈው ያስቀምጡና ሻጩን ወይም ገዢውን ዛሬውኑ ይፈልጉት። ክረምት እስኪያልፍ አይጠብቁ።